ቀዩ ወይን በዶሮ ወጥ ላይ ለምን መረረ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሐዋሳ ነው። በፋሲካ ጓደኞቻችንን ጠርተን ዶሮ ወጥ አቀረብን፤ ባለቤቴም ጥሩ ነው የተባለ ደረቅ (ጣፋጭ ያልሆነ) ቀይ የወይን ጠጅ ገዝቶ መጣ። አንድ ጉንጭ እንደጠጡ ሁሉም ፊታቸውን አጨማደዱ፤ መራራ ነው፣ ጉሮሮም ያቃጥላል አሉ። የተረፈውን በማግስቱ ከክትፎ ጋር ስንሞክረው ግን ግሩም ሆኖ አገኘነው። ወይኑ ተበላሽቶ ነበር? ቤታችን ውስጥ ወይን ማጣጣምና ከምግባችን ጋር ማስማማት ብንፈልግስ ከየት እንጀምር?»

ምላሽ፦

ወይኑ አልተበላሸም ነበር። የተበላሸ የወይን ጠጅ አንድ ሌሊት አድሮ አይድንም፤ ወደ ኮምጣጤነት የሄደውም ሆነ ከቡሹ የሻጋታ ሽታ የተጋባበት ወይን በማግስቱ ከክትፎ ጋር ቢቀርብ ያው ኮምጣጤ፣ ያው ሻጋታ ነው። በሁለቱ ቀናት መካከል የተለወጠው ምግቡ ነው፤ የተረፈው ወይን ማቀዝቀዣ ውስጥ አድሮ ከነበረም ሙቀቱ ተለውጧል። ሳያውቁት የማጣጣምን ሥራ ጀምረውታል ማለት ይቻላል፤ አንድን ወይን በሁለት ምግብ ላይ ሞክሮ ልዩነቱን ማስተዋል የሥራው ዋና ክፍል ነውና።

ከመራራነቱ እንነሣ። በቀይ ወይን ውስጥ ከፍሬው ልጣጭና ዘር የሚወጣ ታኒን የሚባል ነገር አለ። ያልበሰለ ሙዝ ሲነከስ፣ ወይም ቅጠሉ በዝቶበት ብዙ የፈላ ሻይ ያለ ስኳር ሲጠጣ አፍ የሚይዘውና ምላስን የሚያደርቀው እርሱ ነው። ታኒን በምራቃችን ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር ስለሚጣበቅ ምራቅ አፍን ማለስለሱን ይተዋል። በክትፎው ቀን ግን አፍዎ ውስጥ ሥጋና ቅቤ ነበረ፤ የሥጋው ፕሮቲን ታኒኑን ወደ ራሱ ወሰደው፣ ቅቤው ምላስን አለበሰው፣ ጨውም መራራነቱን ሸፈነው፤ ያው ወይን ለስላሳ መስሎ የታየው ለዚህ ነው።

ዶሮ ወጥም እኮ ሥጋና ቅቤ አለው ይሉኝ ይሆናል። አለው፤ ነገር ግን ብዙ በርበሬም አለው። የበርበሬን ማቃጠል የሚያመጣው ካፕሳይሲን በአፍ ውስጥ ሙቀትንና ሕመምን የሚለዩትን ነርቮች ቀስቅሶ እሳት በሌለበት እሳት አለ የሚያሰኝ ንጥረ ነገር ነው እንጂ ጣዕም አይደለም። አልኮልም እነዚያኑ ነርቮች ይነካል። ስለዚህ 13 ወይም 14 በመቶ አልኮል ያለው ወይን በርበሬ በቀመሰ አፍ ውስጥ ሲገባ በፍም ላይ እንደ ማራገብ ነው፤ የተቆጣው ምላስ ደግሞ የታኒኑን ሻካራነት አጉልቶ ይሰማል። እንግዶችዎ ሁለቱንም ስሜት ከጠርሙሱ የመጣ አድርገው መቁጠራቸው አይገርምም፤ የመጣው ግን ከሁለቱ መገናኘት ነው።

እኔም ይህን የተማርኩት በእፍረት ነው። የመጠጥ መስተንግዶ ሙያ በጀመርኩበት ዘመን፣ በአንድ ሆቴል ውስጥ ለተጋበዙ እንግዶች ወይን የመምረጥ ኃላፊነት ተሰጥቶኝ፣ የተማርኩትን ሕግ ይዤ ለዶሮ ወጡ ከሁሉም የሚከብደውን ካቤርኔ ሶቪኞን የተባለ ደረቅ ቀይ ወይን አቀረብኩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ብርጭቆዎቹ ሳይነኩ ቆመው ቢራ ይታዘዝ ጀመር። ከአዛውንቱ እንግዶች አንዱ ጠርተውኝ «ልጄ፣ ጠጅ የለም እንዴ?» ሲሉኝ ንቀት መስሎኝ ነበር፤ እኚያ ሰው ግን የወይንን ነገር ከእኔ የተሻለ ያውቁ ኖሯል። ጠጅ ከማሩ የሚተርፍ ጣፋጭነት አለው፤ ጣፋጭነቱ የበርበሬውን ቃጠሎ ያበርዳል፣ የጌሾው ምሬት ደግሞ ጣፋጩ እንዳያሰለች ይገታዋል። ከዶሮ ወጥ ጋር ምን ይጠጣ የሚለውን ጥያቄ አያቶቻችን ከፈረንሳይ ወይን በፊት መልሰውታል።

የእኔ ስሕተት «ሥጋ ከቀይ፣ ዓሣ ከነጭ» የሚለውን አባባል እንደ ሕግ መያዜ ነበር። አባባሉ የተወለደው ሥጋው ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነክቶት ተጠብሶ ብቻውን ከሚቀርብበት ማዕድ ነው፤ እዚያ ወይኑ የሚገናኘው ከሥጋው ጋር ነው። በእኛ ገበታ ላይ ግን ወይኑ የሚገናኘው ከቁሌቱና ከእንጀራው ጋር ነው። ዶሮም ይሁን በግ፣ ዓሣም ይሁን ምስር፣ ወጡ ቀይ ከሆነ አንድ ዓይነት ወይን፣ አልጫ ከሆነ ሌላ ዓይነት ወይን ይፈልጋል። ወይን ከመግዛትዎ በፊት «ምን ሥጋ ነው?» ብለው ከመጠየቅ ይልቅ «ምን ያህል በርበሬ ገብቶበታል?» ብለው ይጠይቁ።

እንጀራውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። እንጀራ በእርሾ ቦክቶ የተጋገረ ስለሆነ ኮምጣጣ ነው፤ በእያንዳንዱ ጉርሻ ውስጥም አለ። ኮምጣጣ ምግብ ደግሞ የወይኑን ኮምጣጣነት ከአፍ ያጠፋዋል። ብቻውን ሲጠጣ ሚዛኑን የጠበቀ የሚመስል፣ ነገር ግን ኮምጣጣነቱ ዝቅ ያለ ወይን ከእንጀራ ጋር ሲሆን ውኃ ውኃ ይላል፤ ብቻውን ሲጠጣ ጥርስ የሚያጠርስ የሚመስለው ነጭ ወይን ግን ከእንጀራ ጋር ሲሆን ይስተካከላል። ለእኛ ማዕድ የሚሆን ወይን ስመርጥ ከምንም አስቀድሜ የምፈልገው ሎሚ ሎሚ የሚል ስለታም ጠባይ ያለውን ነው። ይህ ለቆጮም ይሠራል፤ ቆጮም የቦካ ነውና። ቅቤ የጠገበ ቡርሳሜ፣ የሲዳማው የቆጮ ምግብ፣ ሲቀርብልዎ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ነጭ ወይን አብረው ይሞክሩ፤ ቅቤውን ከምላስ ላይ ጠርጎ ለሚቀጥለው ጉርሻ ያዘጋጃል።

ይህን ሁሉ ከእኔ ሰምተው ከሚያምኑ ይልቅ በምላስዎ ቢያረጋግጡት እመርጣለሁ፤ መጀመር ያለብዎትም ከዚህ ነው። ሦስት ጠርሙስ ይግዙ፦ አንድ ደረቅ ነጭ፣ አንድ ደረቅ ቀይ፣ አንድ ከፊል ጣፋጭ ቀይ። በአንድ ሳሕን ላይ የሎሚ ቁራጭ፣ ጨው፣ ማር፣ ባዶ እንጀራ፣ ትንሽ አዋዜ፣ እንዲሁም ቅቤ የነካው የተጠበሰ ሥጋ በትንሽ በትንሹ ያኑሩ። በመጀመሪያ ሦስቱንም ወይን ያለ ምንም ምግብ ቀምሳችሁ የተሰማችሁን ጻፉ። ከዚያ ሎሚውን በምላስ ነክታችሁ ወዲያው ነጩን ቅመሱ፤ ቅድም የኮመጠጠው አሁን ጣፈጥ ብሎ ታገኙታላችሁ። አፋችሁን በውኃና በደረቅ ዳቦ አጽድታችሁ ማሩን ቅመሱና ወደዚያው ነጭ ወይን ተመለሱ፤ ቀጥኖና ኮምጥጦ ይጠብቃችኋል። በልደት ቀን ኬክ ሲቆረስ ደረቅ ወይን የሚከፈትበት ልማድ ትክክል የማይሆነው ለዚህ ነው፤ ከጣፋጭ ምግብ ጋር የሚቀርብ ወይን ከምግቡ የበለጠ መጣፈጥ አለበት። ጨውን በደረቁ ቀይ ላይ፣ ከዚያም ሥጋውን በዚያው ቀይ ላይ ስትሞክሩ መራራነቱ ሲያፈገፍግ ይሰማችኋል። አዋዜውን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ምላስ ከተቃጠለ በኋላ ሌላውን መለየት ያስቸግራልና። አዋዜ ቀምሳችሁ ደረቁን ቀይ፣ ጥቂት ቆይታችሁ ደግሞ አዋዜና ከፊል ጣፋጩን ብትቀምሱ የፋሲካው ምሳችሁ በአንድ ማንኪያ ተደግሞ ታዩታላችሁ።

መጠኑ ብዙ መሆን የለበትም። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለአንድ ሰው 50 ሚሊ ሊትር፣ ይኸውም ከቡና ሲኒ የማይበልጥ፣ ለማጣጣም ይበቃል፤ ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ለ15 ቅምሻ ይሆናል። አራት ወይን በዚህ ልክ የቀመሰ ሰው 200 ሚሊ ሊትር ጠጥቷል፤ ወይኑ 13 በመቶ ከሆነ 26 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ማለት ነው፤ ቀላል አይደለም። ባለሙያዎች የሚተፉት ስለዚህ ነው። በእኛ ባህል በሰው ፊት መትፋት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ለየሰው አንድ አንድ ሽፋን ያለው ኩባያ ቢሰጥ ነገሩ በጨዋነት ያልፋል። የሚያሽከረክር ሰው ግን መትፋቱ ብቻ ስለማያስተማምን መኪናውን እዚያው ትቶ በባጃጅ ይሂድ።

ጠርሙሶቹን በወረቀት ጠቅልላችሁ ቁጥር ብቻ ጻፉባቸው። ይህ የጨዋታ ማድመቂያ እንዳይመስልዎ፤ ዓይን ምላስን ይመራል። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የቦርዶ ጥናት 54 የወይን ሙያ ተማሪዎችን ሰብስቦ፣ ሽታ በሌለው ቀለም የቀላ ነጭ ወይን ቢያቀርብላቸው፣ ተማሪዎቹ ሽታውን የገለጹት ለቀይ ወይን በሚነገሩ ቃላት ነበር። የሙያው ሰዎች እንዲህ ከሆኑ፣ የጠርሙሱን ዋጋ የሚያውቅ እንግዳማ እንዴት ሊሆን ነው? ወረቀቱን የጠቀለለው ሰው ራሱ ሳያዳላ እንዲቀምስ ከፈለጉ ሌላ ሰው ቁጥሮቹን ያቀያይርለት።

ሰዓቱንና ቤቱንም ማሰብ ያስፈልጋል። እሑድ ረፋድ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ምሳ ሳይሠራ በፊት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ አፍ አልደከመም፣ ቤቱም ሽንኩርት ሽንኩርት አይልም። ዕጣን አይጨስ፣ ቡና አይቆላ፣ ጤና አዳምም ከጠረጴዛው ይራቅ። ሽቶ የተቀባ እንግዳ ቢመጣ ወደ መስኮቱ በኩል ማስቀመጥ ነው እንጂ ምንም ማለት አይቻልም። ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ፣ ቀለም የሌለውና የሳሙና ሽታ ያልቀረበት ይሁን፤ እስከ ሢሶው ብቻ ይሞላ፣ ከዚያ አዙሮ ማሽተት ነው። ብርሌ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ አንገቱ ሽታውን ቢይዝም አፍንጫ አያስገባም።

ሽታውን በምን ስም እንጥራው የሚለው ጀማሪውን ሁሉ ያስጨንቀዋል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የነበሩት አን ኖብል በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የወይን ሽታዎችን ስም በክብ ሠሌዳ ላይ ደርድረው ለሙያው ትልቅ አገልግሎት ሰጥተዋል፤ ሆኖም በዚያ ሠሌዳ ላይ ካሉት ፍሬዎች አብዛኞቹን ሐዋሳ ውስጥ የበላ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ያልቀመሱትን ብላክከረንት ሸተተኝ ማለት ደግሞ መዋሸት ነው። እኛ ኮክ፣ ዘይቱን፣ ትርንጎ፣ ኮሽም፣ እንጆሪ፣ ኮረሪማ፣ የተቆላ ቡና፣ ዝናብ የነካው አፈር አሉን። አንድ ተማሪዬ ሲራ ከሚባለው ወይን የተቀዳ ብርጭቆ አሽትቶ «አክስቴ የምታስፈጭበት የቅመም ወፍጮ ቤት» ሲል ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ ልጁ ግን አልተሳሳተም። በሲራ ወይን ውስጥ የሚገኘው ሮተንዶን የተባለው የሽታ ውሕድ የቁንዶ በርበሬን ጠረን የሚሰጠው ራሱ ነው። ከአምስት ሰዎች አንዱ ገደማ ይህን ውሕድ ጨርሶ ስለማያሸት፣ ከእንግዶችዎ አንዱ «እኔ ቁንዶ በርበሬ አይሸተኝም» ቢል አይከራከሩት።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልምጣ፤ በሐዋሳም ሆነ በአዳማ ከወይኑ ዓይነት ይልቅ ማዕዱን የሚያበላሸው ይህ ይመስለኛል። «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይቀርባል» የሚባለው ክፍል የእኛ ክፍል አይደለም፤ በቀዝቃዛ አገር ያለ፣ 16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ የድሮ ቤት ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ብትሆንም፣ በበጋ ከሰዓት በኋላ ቡፌ ላይ የቆመ ጠርሙስ 27 እና 28 ዲግሪ መድረሱ የተለመደ ነው። በዚያ ሙቀት አልኮሉ ተንኖ አፍንጫን ይወጋል፣ ፍሬያማው ሽታ ይደበዝዛል፤ በርበሬ ሲጨመርበት ደግሞ እርስዎ ያዩት ይሆናል። ደረቅ ቀይ ወይን ከመቅረቡ በፊት ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቆይ ወደሚገባው ልክ ይጠጋል። ነጩና ሮዜው (ፈዛዛ ቀይ ቀለም ያለው ወይን) ሦስት ሰዓት ያህል ቆይተው፣ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሆነው ይውጡ። ከፊል ጣፋጭ ቀይ ከደረቁ ወንድሙ ይልቅ ቀዝቀዝ ማለት አለበት፤ እኔ በ12 እና በ14 መካከል እወደዋለሁ፤ ሲሞቅ ሽሮፕ ይመስላል። በተቃራኒው ታኒኑ ብዙ የሆነ ደረቅ ቀይ እንደ በረዶ ከቀዘቀዘ መራራነቱ ይጎላልና እዚያም ላይ መጠንቀቅ ነው። መብራት ከጠፋ ባልዲ ውስጥ በረዶ፣ ውኃና አንድ እፍኝ ጨው ቀላቅሎ ጠርሙሱን እስከ አንገቱ መንከር ነው፤ ነጩ በ25 ደቂቃ ውስጥ ይቀዘቅዛል። በረዶ ብቻውን ያለ ውኃ ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ በረዶው ጠርሙሱን የሚነካው እዚህም እዚያም ብቻ ነውና።

ሐዋሳ ተቀምጦ ስለ ዓሣ ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ላይ፣ በዘይት ተጠብሶ ከሎሚና ከዳጣ ጋር የሚቀርበው ቆሮሶ ለደረቅ ነጭ ወይን የተፈጠረ ይመስላል፤ ሎሚው የወይኑን ስለት ያለሰልሳል፣ የወይኑ ስለት ደግሞ ዘይቱን ይቆርጣል። ሻርዶኔ የተባለው ነጭ ወይን ይስማማዋል። ዳጣው ግን ልክ ካለፈ ሁሉንም ወይን ያሸንፋልና ጫፉን ብቻ መንካት ነው። «ዓሣ ከነጭ» የሚለው አባባል በከፊል እውነት መሆኑን የማምነው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱ ግን ቀለሙ አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ከባሕር ምግብ ጋር ወይን ሲጠጣ አፍ ውስጥ የሚቀረውን ደስ የማይል የዓሣ ጣዕም ሲያጠኑ፣ መጠኑ ወይኑ ውስጥ ካለው ብረት ጋር አብሮ እንደሚጨምር አገኙ፤ ቀይ ወይኖች ብዙውን ጊዜ ብረታቸው ከፍ ይላል። ዓሣው በበርበሬ ወጥ ሆኖ ከተሠራ ግን የዶሮ ወጡን መንገድ ይከተላል፤ ነጭም ይሁን ቀይ፣ ከፊል ጣፋጭና ቀዝቃዛ ይሁን።

ክትፎን ራስዎ ስለደረሱበት ብዙ አልልም፤ ሚጥሚጣው በጎን ይቅረብ፣ አይቡ አይቅር፣ ወይኑ ካቤርኔ ወይም ሜርሎ ይሁን። ለቁርጥም እንዲሁ። ከሁለቱ ሜርሎ ታኒኑ ለስለስ ስለሚል ለጀማሪ እንግዶች ይሻላል። የጥብስ ቅጠልና ቁንዶ በርበሬ ያለው ደረቅ ጥብስ ከላይ ከነገርኩዎ ሲራ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። አልጫ ወጥ፣ ክክም ይሁን በግ፣ ከደረቅ ነጭ ጋር ይሄዳል። በየዓይነቱ ያስቸግራል፤ በአንድ እንጀራ ላይ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመንና ሰላጣ ሲሰበሰቡ ሁሉንም የሚያስደስት ጠርሙስ የለም፤ ቀዝቃዛ ሮዜ ግን ከማንኛቸውም ጋር አይጣላም። (በጾም ወራት አልኮል የማይነካ ብዙ ሰው ስላለ ይህን የምለው በየዓይነቱን በፍስኩም ለሚወዱት ነው።) ሽሮን በተመለከተ ከባልደረቦቼ ጋር አልስማማም፤ እነርሱ ቀይ ይላሉ፣ እኔ ግን ተጋቢኖ ፊት ሲቀመጥ ከነጭ ሌላ አልመኝም።

ስለ ግዢው ጥቂት ልጨምር። ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብሎ፣ በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ባቱ ላይ የካስቴል የወይን እርሻ አለ፤ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ መሬት ነው። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶቹ ለገበያ የወጡት በ2014 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በሪፍት ቫሊ ስም ሜርሎ፣ ካቤርኔ ሶቪኞን፣ ሲራና ሻርዶኔ ለየብቻቸው ታሽገው ይገኛሉ፤ ለማጣጣም ትምህርት እነዚህን የምመርጠው የአንድን ፍሬ ጠባይ ለብቻው ስለሚያሳዩ ነው። አካሺያ በሚለው ስም ከሚወጡት መካከል ከፊል ጣፋጮቹ ለቀይ ወጥ የምፈልጋቸው ናቸው። ከእነዚህ ብዙ ዓመት የሚቀድሙት የአዋሽ ወይን ጠጆችም አሉ፤ ጉደርን ከሠርግ ቤት የማያውቅ የለም፣ አዋሽ ክሪስታል ነጩ ነው፣ አክሱማይት ደግሞ ጣፋጩ። ከውጭ የመጣ ጠርሙስ ሲገዙ ስለ ጣፋጭነቱ የተጻፈውን ቃል ይመልከቱ፤ በአውሮፓ ሕግ ደረቅ የሚባለው ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ4 ግራም ያልበለጠ ስኳር ያለው ሲሆን፣ ኮምጣጣነቱ ከፍ ካለ እስከ 9 ግራም ይፈቀድለታል፤ 45 ግራም የደረሰው ጣፋጭ ይባላል። የአልኮሉንም መጠን ይመልከቱ፤ ለቀይ ወጥ 12 በመቶ ከ14 በመቶ ይመረጣል።

ከሱቅ ሲያነሡ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ የቆመውን ይተዉት፤ ቡሹ ወደ ላይ ገፍቶ የወጣ ወይም አንገቱ ላይ ወይን የደረቀበት ጠርሙስ ሙቀት አግኝቶታል። ቤት ሲደርስም ቦታው የሳሎን ቡፌ አይደለም። በብዙ ቤት በስጦታ የመጣ ወይን «ሲቆይ ይጣፍጣል» ተብሎ ከመስተዋቱ ኋላ ዓመታት ይቀመጣል፤ በመቆየት የሚሻሻሉት ጥቂት ወይኖች ናቸው፣ እነርሱም ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ሲያገኙ። እኛ የምንገዛው አብዛኛው ወይን በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ሊጠጣ የተሠራ ስለሆነ፣ በአልጋ ሥር ወይም በዕቃ ቤት ወለል ላይ አስተኝተው ቶሎ ይጠጡት። የተከፈተው፣ ቀዩም ጭምር፣ ተከድኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሦስት አራት ቀን ይቆያል።

ዶሮ ወጥ ለመሥራት ሲያስቡ ደግሞ እንዲህ ቢያደርጉ ደስ ይለኛል። እንግዶች ሲገቡ ቆሎ ወይም ጨው ያለው ኦቾሎኒ ቀርቦ ቀዝቃዛው ነጭ ይቀዳ። ዶሮው ሲወጣ ከፊል ጣፋጩ ቀይ፣ ጠርሙሱ ላብ እስኪያወጣ ቀዝቅዞ፣ ከአይቡ ጋር ይቅረብ። ባለቤትዎ የሚወዱት ደረቅ ቀይ ካለ አይከልክሏቸው፤ ከጥብሱ ጋር እንዲጠጡት ጥብሱን ከዶሮ ወጡ በፊት፣ ምላስ ገና ሳይቃጠል ያቅርቡት። ከሰል የሚቀጣጠለው፣ ዕጣን የሚጨሰው፣ ቡናውም የሚቆላው የመጨረሻው የወይን ብርጭቆ ከተነሣ በኋላ ነው።